ድምፁን ስሚልኝ

ባሌ ቼጊል ሃያ ስምንት ዓመት ብረት ሲበይድ ኖሮ፣
ግራ ጆሮውን በሙሉ፣ ቀኙን በግማሽ ገብሮ፣
በመጋቢት ተሰናበተ፣ በአንዲት ገጽ ደብዳቤ፤
አነበብኩለት ጮክ ብዬ፣ በደህናው ጎኑ ቀርቤ።
አልተቆጣም። መነጽሩን ጠረገና በሸሚዙ
«ዶሮ ልጥበስ» አለኝ። በቃ። ይኸው ነው መዘዙ።

እዚህ ጌኦጄ፣ ከመርከብ መሥሪያው በር እስከ ባሕሩ ዳርቻ
ሰባት የዶሮ ጥብስ ቤት አለ፣ አንድ መንገድ ላይ ብቻ፤
የቀድሞ በያጅ፣ የቀድሞ ቀቢ፣ የቀድሞ ክሬን ነጂ።
«ስምንተኛው እኔ ልሁን፤ አንቺ ቅመሺና ፍረጂ።»

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነው። ላዩ ከሰል መስሎ፣
ውስጡ ካጥንቱ ሥር ገና ቀይ ውሃ አዝሎ፤
ታች ቤት ያሉት ወይዘሮ ኦክ ጭሱ ቢያስላቸው
በመጥረጊያ እንጨት ወለላችንን ነረቱት ከጣሪያቸው።
ባሌ አልሰማም፤ እግሩ ሰማ። «ዘይቱ ነው እንዴ?» አለኝ፤
ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ሽንኩርት ሳልልጥ ዕንባዬ እስኪቀድመኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ትንሽ ገባን፤
ማታ ጭኑን ከነክንፉ ወተት ውስጥ ዘፈዘፍን፣
ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጨው ጋራ አሸን።
ጠዋት በጨርቅ አደረቅን፤ ዘይት ውሃ ሲጠጋው
እንደ ጣውንት ይፎክራል፤ ክንዴን ሦስት ቦታ ወጋው።
ከዚያ የድንች ዱቄት በስሱ። «በስሱ!» ይላል ደጋግሞ፣
«ብየዳ እንኳ ሲወፍር ይሰነጠቃል ከርሞ።»

የመጀመሪያው እሳት ልከኛ ነው፣ ሥጋውን ብቻ ያበስላል፤
ዶሮው ይወጣና ወንፊት ላይ ይቀመጣል፣
ገርጣ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ፣ እንፋሎቱ እየተነነ፣
ጥሬም አይሉት፣ ጥብስም አይሉት፣ ከወዲህም ከወዲያም ያልሆነ።
«ምን ይጠብቃል?» ብለው፣ «ውስጡ ያለው ውሃ ይውጣ፤
ቸኩለሽ ከመለስሽው ይልማል» አለና ወንበር አመጣ።
አብረን እንቀመጣለን፤ እሱ፣ እኔ፣ የገረጣ ዶሮ፤
አሥር ደቂቃ ማንም ማንንም አይጠራም፤ ጸጥ ያለ ኑሮ።

ሁለተኛው እሳት ኃይለኛ ነው። ዓይን እዚህ ላይ ያታልላል፤
መጀመሪያ እንደ ዶፍ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይንጣጣል፣
ኋላ ውሃው ሲያልቅበት እየቀጠነ ይመጣል።
አውጡኝ የሚለው ያኔ ነው። ባሌ ያንን አይሰማም።
«ድምፁን ስሚልኝ» አለኝ፤
እርዳታ መጠየቅ ከዚያ ሰው አፍ ጋር አይስማማም።

እኔ ጆሮዬን አዘንብዬ፣
እሱ የረጅሙን እንጨት ጫፍ ከድስቱ ከንፈር አስነክቶ፣
ሌላውን ጫፍ በጥርሱ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
መንቀጥቀጡን ባጥንቱ እየለቀመ፦
«አሁን?»
«ገና።»
«አሁን?»
«ገና ነው፣ ታገሥ።»
«አሁን?»
«አዎ፣ አሁን ይሁን!»

ነጭ ፍጅል በኮምጣጤ፣ አንድ ቢራ ለሁለት ይዘን
በረንዳ ላይ ተቀመጥን፤ ወደቡ ቁልቁል ታየን።
እሱ የበየዳቸው መርከቦች የት ባሕር ላይ እንዳሉ እንጃ፤
ክሬኑ ቀይ መብራቱን አብርቷል፣ ሥራ ፈትቶ፣ ለመኖሩ ማስረጃ።
ስምንተኛው ቤት ይከፈት፣ አይከፈት፣ አልተወራም፤
ብድሩ፣ ኪራዩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ዛሬ ማታ ስማቸው አልተጠራም።

ክንፉን አነሣ፣ ነከሰ፣ አኘከና፣ ዞሮ ወደ እኔ
«ጮኸ ወይ?» አለኝ፤ መልሱን እየፈለገ ከዓይኔ።
መልስ አልሰጠሁም። ጭን አንሥቼ፣ በደህናው ጎኑ ተጠግቼ
ከጆሮው ሥር ቆረጠምኩት፣ በሙሉ ጥርሴ፣ አፌን ሞልቼ።

ከታች ሁለቴ ተንኳኳ። በእግሩ ሰማውና ተነሣ፦
«ሳህን አምጪ፤ የወይዘሮ ኦክም ድርሻ አይረሳ።»